ትርፍ ጽዋ

ቆንጅት ትንንሾቹን የብርጭቆ ጽዋዎች በነጭ ጨርቅ እያደረቀች በእንጨት ትሪው ላይ ስትደረድር፣ ሚስተር ሙንሮ ከኋላዋ መጡና ከሣጥኑ አንድ ተጨማሪ አውጥተው ከዳር አኖሩ። እሷ ብድግ አድርጋ ወደ ሣጥኑ መለሰችው። እሳቸው እንደገና አወጡት።

"ሚስተር ሙንሮ፣ ነገ ማዕድ የሚቀመጡት ስምንት ሰዎች ናቸው" አለች።

"አውቃለሁ" አሉ ሽማግሌው።

"ጽዋው ዘጠኝ ሆነ።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

እስከዚያን ቀን ድረስ ስለዚህች ጽዋ ደፍሮ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ከጋና የመጡት ሚስስ ኦፎሪ ዕድሜ ነው፣ ሽማግሌው ቁጥር ጠፍቷቸዋል ብለው ትተውታል። ሆላንዳዊው የውኃ መሐንዲስ ሚስተር ፋን ዳይክም ከጨዋነት የተነሣ ትርፏን ጽዋ እንዳላየ ያልፋታል። ቆንጅት ግን ማለፍ አልቻለችም፤ አጣቢዋ እሷ ናት። ከጌታ እራት በኋላ ሌሎቹን ባዶ ጽዋዎች ስትሰበስብ አንዷን ሁልጊዜ ሙሉ ታገኛታለች። ጭማቂውን የምታፈላው ራሷ ናት፤ አራዳ ካለው ከዘይኑዲን ሱቅ ዘቢብ ትገዛለች። በራሷ እጅ የተፈላው ጭማቂ ያለ ጠጪ ቆሞ ሲጠብቃት ግን እንግዳ ይሆንባታል። ወደ ቱቦ መድፋት እየከበዳት ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ታፈሰዋለች። እውነቱን ለመናገር ያችን ጽዋ ትፈራታለች።

ቤተ ክርስቲያኗ ከፒያሳ ጀርባ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ዝቅ ብሎ፣ በልብስ ሰፊዎች ሱቅና በአንድ የተዘጋ ቡና ቤት መካከል ያለች የድንጋይ ቤት ናት። ስኮትላንዳውያን የመሠረቷት የፕሬስቢቴሪያን ጉባኤ ነው። ጳጳስ የለም፤ የሚመሯት የተመረጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሁሉን ነገር የሚወስኑት በስብሰባ ነው። መስኮት ለማስቀባት ስብሰባ፣ መጥረጊያ ለመግዛት ስብሰባ። በጸሎት ይከፈታል፣ ሐሳብ ይቀርባል፣ አንዱ ይደግፋል፣ እጅ ይወጣል። የቆንጅት ታናሽ ወንድም ገዛኸኝ በዚህ ይስቅ ነበር። "እነዚህ ሰዎች ገነት በር ላይ ደርሰውም 'ለመግባት ሐሳብ የሚያቀርብ አለ?' ሳይባባሉ አይገቡም" ይል ነበር።

በደህናው ጊዜ እሑድ ወንበር አይገኝም ነበር። የኤምባሲ ሰው፣ የሚሲዮን ሐኪም፣ የሕንድ መምህር፣ ከነሱም መካከል በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደጉ እንደ ቆንጅትና እንደ ገዛኸኝ ያሉ ኢትዮጵያውያን አባላት ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ ፈረንጆቹ ምጣድና አልጋቸውን እየሸጡ በየወሩ አንድ አንድ ቤተሰብ እያሉ ወጡ። ቄሱም ሄዱ። አሁን የጌታ እራት ሲሆን ብቻ ከናይሮቢ አንድ ቄስ በአውሮፕላን ይመጣል። ኢትዮጵያውያኑ ደግሞ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ኅዳር በወጣው የቀበሌ ትእዛዝ ተባረሩ። የውጭ ዜጋ መጸለይ ይችላል፤ ኢትዮጵያዊ ግን ከሠራተኛ በስተቀር ደጃፏን እንዳይረግጥ ተባለ። ቆንጅት በሥራ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ለእሑድ ግን ኦርጋን ተጫዋችና ጽዳት ተብላ በሠራተኛነት ተመዘገበች። በጓሮ በር ትገባለች፣ የእግር መርገጫ ያለውን አሮጌ ኦርጋን ትጫወታለች፣ ታጥባለች፣ በጓሮ በር ትወጣለች። ማዕድ አትቀመጥም።

ከኦርጋኑ ወንበር ላይ ሁሉም ይታያል። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ አባላቱ ዙሪያውን ይቀመጡና ዳቦውን በሳህን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ሳህኑን በራሱ እጅ ከጠረጴዛው አንሥቶ የሚበላ የለም፤ ከጎኑ ያለው ሰው ካልሰጠው አይበላም። የሚስተር ሙንሮ ቦታ ከግድግዳው በኩል፣ ከትርፏ ጽዋ ቀጥሎ ነው። ሳህኑ ሲደርሳቸው ይቀበላሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ሳይቆርሱ ይመልሱታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌው አልበሉም። ይህን ያየችው ቆንጅት ብቻ ናት።

"ተያቸው፣ ዘጠኝ ይሁኑ" አሉ አሁን ሙንሮ። የማተሚያ ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሰፈሩ ልጆች ሙንሮ ማተሚያ ይሏቸዋል። ቀለም ከጥፍራቸው ሥር እስካሁን አልለቀቀም። "ነገ የመጨረሻው ነው። ሰኞ ቁልፉን ለቀበሌ እናስረክባለን፤ የውይይት ክበብ ሊያደርጉት ነው። እኔም ማክሰኞ እሄዳለሁ።"

ይህን ቆንጅት ታውቃለች። ያላወቀችው የሚቀጥለውን ነበር።

"ዛሬ ወደ ቤታችሁ አብሬሽ እመጣለሁ" አሉ። "ምልክት ላደርስ።"

ቆንጅት ጨርቁን አስቀመጠች። ምልክት የሚሉት የዚህች ጉባኤ ልማድ ነው። ከጌታ እራት በፊት ባለው ሳምንት ሽማግሌው በየአባሉ ቤት ይዞራል፣ ኑሮውን ይጠይቃል፣ ይጸልያል፣ ሲወጣ አውራ ጣት የምታህል ሞላላ የእርሳስ ብረት በእጁ ያስይዘዋል። እሑድ ያችን ብረት በር ላይ ለቆመው ሽማግሌ ያስረከበ ማዕድ ይቀመጣል። ልማዱ በራሳቸው አገር እንኳ እየቀረ ነው ይባላል፤ ሙንሮ ግን አልተዉትም። እነ ቆንጅትን ልጆች ሳሉ ሲያስተምሯቸው "ምልክቱን የተቀበለ ሽማግሌ ለሰጪው የቦታ ዕዳ አለበት" ይሏቸው ነበር። ገዛኸኝ የገነት ቲኬት ይላት ነበር።

"ለኛ ለኢትዮጵያውያን ተከልክሏል እኮ" አለች።

"ለእናትሽ የምነግራቸው ነገር አለኝ። የኔ አማርኛ ሽንኩርት ለመግዛት ነው የሚበቃው። አንቺ ታስተረጉሚልኛለሽ።"

ከፒያሳ ወደ ዶሮ ማነቂያ አብረው ወረዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የግንቦት ነፋስ አቧራውን ከመንገድ እያነሣ በወርቅ ቤቶቹ መስተዋት ላይ ይበትነዋል። ሙንሮ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ቡና ቤት ውስጥ ባንኮኒ ላይ የተደገፉ ሰዎች ፈረንጅና አበሻ አብረው ሲሄዱ አይተው ጨዋታቸውን አቆሙ። በዚያ ዘመን ጨዋታ በቀላሉ ይቆም ነበር።

ቆንጅት ስለ ምን እንደሆነ ጠርጥራለች። ምልክትና እናቷ በአንድ አረፍተ ነገር ከተነሡ ነገሩ የገዛኸኝ መሆን አለበት። ገዛኸኝ በዚያ ኅዳር የስድስት ኪሎ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ሐሙስ ሙንሮ ቤት ድረስ መጥተው ምልክት ሰጡት፣ ዓርብ የቀበሌው ትእዛዝ ወጣ፣ ቅዳሜ ሲመሽ ስሙ ከሚፈለጉ ሰዎች ጋር ተጠራ ተባለና ከቤት ወጣ። በዚያው ቀረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ የጎንደር ነጋዴ ገዳሪፍ ላይ አይቼዋለሁ አለ። ነጋዴው አንዴ ተናግሮ ሄደ፤ እናቱ ወይዘሮ ዘቢደር ግን ያችን ቃል ይዘው ኖሩ።

ከዚያ ወዲህ የቤታቸው በር አይቀረቀርም። ልጄ በሌሊት ቢመጣ ደጅ ቆሞ ሲያንኳኳ የአብዮት ጥበቃ ይይዘዋል፤ ገፋ አድርጎ ይግባ ይላሉ። ከጎረቤታቸው ከነሲባ የሚለያቸው ግድግዳ ብቻ ነው፤ "ኧረ እማማ ዘቢደር፣ ይህ ዶሮ ማነቂያ ነው፣ ሌባው ድስትዎን ከነወጡ ይወስደዋል" እያለች ስትለምን ሁለት ዓመት ሆናት። ቆንጅትን የሚያሳምማት ግን ሌባው አልነበረም። ሲመሽ ነፋስ በሩን ገፋ ሲያደርገው እናቷ ቀና ብለው "ግባ" ይላሉ። ማንም አይገባም። በነፋስ ሰሞን ይህ ቃል በየምሽቱ ይሰማል፣ ቆንጅትም በየምሽቱ ዞር ብላ በሩን ታያለች። አለማየት አልሆነላትም።

ሲደርሱ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ወይዘሮ ዘቢደር ምስር ሲለቅሙ ቆይተው እንግዳውን ሲያዩ ሰፌዱን ትተው ተነሡ።

"ምነው ሚስተር ሙንሮ፣ እንዲህ ይጠፋል? በሐዘን እንጂ በደስታ የማይጠይቁ ዘመድ ሆኑብን" ብለው ወንበር በነጠላቸው ጠረጉላቸው።

ሙንሮ አልተቀመጡም። ከኮታቸው ኪስ መሐረብ አወጡና ፈቱት። ውስጡ የእርሳስ ብረት አለ፤ ብረቷ ላይ በምስማር የተጫረ "ገ" አለ። ያን የጫረው ገዛኸኝ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አበላሸህ ብለው ሙንሮ ተቆጥተውት ነበር። እናትና ልጅ እኩል አወቋት።

"ላከው?" አሉ ወይዘሮ ዘቢደር። ፊታቸው በራ። "ከሱዳን ላከው?"

ቆንጅትም ለአንድ አፍታ ደስ አላት። በኋላ በራሷ የተናደደችው በዚያች ደስታ ነው።

"ያን ቅዳሜ ማታ" አሉ ሙንሮ በእንግሊዝኛ፣ "የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ነበርን። ስለ ቀበሌው ትእዛዝ እንነጋገር ነበር። በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ገዛኸኝ ነበር።"

ቆንጅት ተረጎመች። የመጨረሻውን ስትል ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

"እየተከተሉኝ ነው፣ ልግባ አለኝ። ምልክቱንም ዘረጋልኝ። አባል ነኝ ማለቱ ነው። ሃያ ዓመት በር ላይ ቆሜአለሁ፤ ምልክት ሲዘረጋልኝ እጄ ራሷ ትቀበላለች። ተቀበልኩት። ከዚያ ትእዛዙ ትዝ አለኝ። ይህን ብቻዬን መወሰን የለብኝም አልኩ። 'ጥቂት ጠብቅ፣ ለጉባኤው ላቅርበው' ብዬ በሩን ገፋሁት።"

ቆንጅት ይህንንም ተረጎመች።

"ሐሳቡን አቀረብኩ። ቄሳችን ያኔ ገና አልሄዱም ነበር፤ በጸሎት እንጀምር አሉ። ጸለይን። አንዱ ደገፈ። ሌላው ጥያቄ አነሣ፤ ቢገኝ የቀሩት አባላት ምን ይሆናሉ አለ። ተወያየን። ከዚያ እጅ አወጣን። ይግባ አልን። ሁላችንም። አንድም የተቃወመ አልነበረም።" ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጨመቁት። "ሄጄ በሩን ስከፍት ማንም የለም። የቦታው ዕዳ በእጄ ቀረ፤ ዘጠነኛዋ ጽዋ የሱ ናት።"

ቆንጅት የገዛኸኝን የገነት በር ቀልድ አስታወሰች። ለእናቷ ግን እንዲህ ብቻ አለች፦ "በሩን ሲከፍቱ አላገኙትም።"

ወይዘሮ ዘቢደር ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩአት።

"እሳቸው ብዙ ተናገሩ፣ አንቺ ትንሽ ተረጎምሽ" አሉ።

"እማዬ፣ ያው ነው እኮ።"

"ያው አይደለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ እኔ ግን በልጄ ነገር ባዳ መሆን በቃኝ። ሁሉንም ንገሪኝ።"

ነገረቻቸው። ጸሎቱን፣ ድጋፉን፣ ጥያቄውን፣ የወጡትን እጆች ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እናቷ አላቋረጡአትም። ሲያበቃ "ከዚያስ?" አሉ።

ሙንሮ ጥያቄውን ያለ አስተርጓሚ ተረዱት። ከስብሰባው በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለመክፈት ሲመጡ መንገዳቸው ላይ ካለው ድልድይ አጠገብ ሰው ቆሞ አዩ፤ እያለፋችሁ እዩ ተብሎ የቆመ ሰው ነው። መሬት ላይ ወጣቶች ተጋድመዋል፣ ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የአንደኛውን ፊት ለማየት አልደፈሩም። ሹራቡን ግን አወቁት።

"ምን ዓይነት ሹራብ?" አሉ ወይዘሮ ዘቢደር። ይህን የጠየቁት ቆንጅትን አልነበረም።

"አመድማ" አሉ ሽማግሌው በዚያ በሽንኩርት መግዣ አማርኛቸው። "አንገት፣ ሰማያዊ። ሚስቴ ሠራች። ለሱ።"

ወይዘሮ ዘቢደር ለእንግዳው በጠረጉት ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። ያን ሹራብ ሟቿ ሚስስ ሙንሮ ለገና ሠርተው ሲሰጡት አመሰግናለሁ በል ብለው የገፉት እሳቸው ናቸው። ያን ቅዳሜ ሲወጣም ብርድ ነው ልበሰው ያሉት እሳቸው ናቸው።

ሙንሮ የቀረውን ለቆንጅት ተናገሩ፣ እሷም ምንም ሳታስቀር አስተላለፈች። ያልተናገሩት ፈርተው ነው። ተራ ፍርሃት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ባለፈው ወር ቆንጅት የዚህ ቤት በር እንደማይቀረቀር በጨዋታ መካከል አንሥታባቸው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለም። ይህን ይዘው አውሮፕላን መሳፈር አልቻሉም።

ያን ጊዜ እንዲህ ለሞተ ልጅ ማልቀስ ራሱ ወንጀል ነበር፤ እናት ጥቁር ለብሳ ብትወጣ ቀበሌ ትጠራለች። ወይዘሮ ዘቢደር የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ቆንጅት ልትይዛቸው ስትጠጋ በእጃቸው መለሷት። ሙንሮ ብረቷን ምስሩ ካለበት ሰፌድ አጠገብ አኖሩና ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ ቆሙ። ይቅርታ የሚለውን ቃል በአማርኛ ያውቁታል፤ አሉትም። ሁለት ጊዜ አሉት።

ወይዘሮ ዘቢደር ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ። "ይሂዱ፣ ይመሽብዎታል" አሉ። ለእንግዳ የሚባል ቃል ነው። ምረዋቸው ይሁን አባረዋቸው ከፊታቸው ማወቅ አይቻልም ነበር።

ሽማግሌው ሲወጡ በሩን እንዳገኙት ገርበብ አድርገው ተዉት። ቆንጅት ደጅ ድረስ አልሸኘችም። ተናድዳለች። ክፉ ቢሆኑ፣ አይግባ ብለው ቢሆን ኖሮ መጥላት በቀለላት። ይግባ ብለው እጅ ያወጡ ሰዎችን እንዴት አድርጎ ሰው ይጠላል? አለመጥላትስ እንዴት ይችላል? ምስሩን ከሰፌዱ ወደ ድስት ገለበጠች፣ ሳታጥበው እሳት ላይ ጣደችው፣ መልሳ አወረደችው።

ፀሐይ እንደጠለቀች ነፋሱ በሩን ገፋ አደረገው። ቆንጅት እንደ ልማዷ ዞር አለች። እናቷ ግን "ግባ" አላሉም። ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ፣ ገጠሙት፣ መቀርቀሪያውን ያዙ። ዝጎ ስለ ነበር እምቢ አላቸው። በሁለት እጃቸው ገፉት፣ እየጮኸ ገባ።

ከግድግዳው ወዲያ ነሲባ ከማሰሮዎቿ ጋር ስትነጋገር ትሰማ ነበር። የመቀርቀሪያውን ድምፅ ስትሰማ ዝም አለች። ሁለት ዓመት ቀርቅሩ ብላ የለመነች ሴት ናት፤ ሲቀረቀር ግን ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። ማልቀስ ጀመረች። ጎረቤት እንጂ ዘመድ አይደለችምና ለምን አለቀስሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። ወይዘሮ ዘቢደር ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የነሲባን ለቅሶ አዳመጡ።

እሑድ ጠዋት ቆንጅት ጫማዋን ስታደርግ ጣቷን አንድ ነገር ቆረቆራት። አወጣችው። የገዛኸኝ ምልክት ነበረች። እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል፤ ወይም ተኝተው ለመምሰል ይሞክራሉ። ቆንጅት ብረቷን በመዳፏ ጨብጣ ወጣች።

መንገዱን ሁሉ ልመለስ ስትል ነው የሄደችው። ያለ ኦርጋን ይዘምሩ፣ ጽዋቸውንም ራሳቸው ይጠቡ እያለች በልቧ ትዝታለች። ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ስትደርስ እግሯ ልማዱን ተከትሎ ወደ ጓሮው በር ዞረ። እዚያ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ወደ ፊት ለፊቱ መጣች።

ጌቱ ከልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። የአብዮት ጥበቃ ነው፤ ትእዛዙ ከወጣ ወዲህ የእሑድ ሥራው የሚገባውንና የሚወጣውን ማየት ነው። የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነው፤ ከገዛኸኝ ጋር የጨርቅ ኳስ ተራግጧል።

"ቆንጅት፣ የምን መንቀባረር ነው? በጓሮ ነበር መግቢያሽ" አላት። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር ያለው።

"በጓሮ የምገባው ለሥራ ስመጣ ነው" አለች። "ዛሬ ሥራ የለኝም።"

ጌቱ ተነሣ። ፈገግታው ጠፋ።

"ያልሽውን ታውቂዋለሽ? ነገ ቀበሌ ስትጠሪ አላየሁም አልልም።"

"አየሁ በል" አለችው።

በሩን አንኳኳች። ፈርታለች፣ መፍራቷንም አልደበቀችም። ሙንሮ ገርበብ አድርገው ከፈቱ። ቆንጅት እጇን ዘረጋች፤ መዳፏ ላይ ብረቷ ነበረች። ሽማግሌው ብረቷን አዩ፣ ከዚያ በእሷ ትከሻ በኩል ጌቱን አዩ። እጃቸው በልማዷ ተነሣችና አየር ላይ ቀረች። መልሰው አወረዷት፣ የበሩን እጀታ ያዙባት፣ ሁለቱንም ተካፋች እስከ ግድግዳው ድረስ በረገዱ። ምልክቱን የተቀበሏት ከዚያ በኋላ ነው። በሩንም አልዘጉትም።

ኦርጋኑን አልፋ ሄደች። የናይሮቢው ቄስ ወደ ኦርጋኑ ባዶ ወንበር አየ፣ ወደ እሷ አየ። ቆንጅት ከግድግዳው በኩል ትርፏ ጽዋ ካለችበት ቦታ ተቀመጠች። ሚስስ ኦፎሪ ብቻ ሻርፓቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላት።

ሚስተር ፋን ዳይክ ወደ ሙንሮ ጎንበስ አለ። "በሩ ክፍት ነው፣ ሰውየውም ያየናል" አለ በሹክሹክታ። "ቢያንስ ለጉባኤው ሳይቀርብ እንዲህ ያለ ነገር—"

"አይቀርብም" አሉ ሙንሮ። ከቆንጅት ቀጥሎ ባለው ቦታቸው ተቀመጡ።

ሚስስ ኦፎሪ ያለ ኦርጋን መዝሙሩን አነሡ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ሌሎቹ ተከተሉ፣ መዝሙሩ በተከፈተው በር ወጥቶ እስከ ልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ ደረሰ። ቄሱ ባረከ፣ ዳቦውን ቆረሰ። ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መጣ። ሚስስ ኦፎሪ ለቆንጅት አቀበሏት፤ ቆርሳ በላች። ሁለት ዓመት ሙሉ አልበላችም ነበር፤ ዳቦው ደረቅ ነበር፣ ለመዋጥ አስቸገራት።

ከሷ ቀጥሎ ያሉት ሙንሮ ናቸው። እጆቻቸውን ዘርግተው እየጠበቁ ነው። ሳህኑ በእጇ ነው፤ ካልሰጠቻቸው አይበሉም፤ እሳቸውን ዘላ ለፋን ዳይክ ብታሳልፈውም የሚናገራት አይኖርም። ከውጭ የጌቱ ጫማ በረንዳው ላይ ወዲህና ወዲያ ሲል ይሰማል።

ቆንጅት ሳህኑን ይዛ አስጠበቀቻቸው። ቄሱ አንገቱን ቀና አደረገ፣ ሚስስ ኦፎሪ ክርኗን በቀስታ ነኩአት፤ አልሰጠችም። ሽማግሌው እጃቸውን አላጠፉም፣ ቀናም አላሉም። ደጅ የቆመ ሰው እንዴት እንደሚጠብቅ እስኪያውቁት አስጠበቀቻቸው።

ከዚያ ሳህኑን ሰጠቻቸው።